ከሚሴ ላይ «ካምፕ» ሲባል

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች «ካምፕ» ሲባል ትዝ የሚለን ላንጋኖ ነው። አሸዋ፣ ዋና፣ የማታ እሳት፣ ጊታር… እኔም ሦስት ክረምት ሚሲዮኖች ላንጋኖ ዳር በሚያዘጋጁት የልጆች ካምፕ በነፃ አገልግያለሁ። ሥራው «ካውንስለር» ይባላል። ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩ እረኝነት ነው። ስምንት ዘጠኝ ልጅ ያስረክቡሃል። ከእነሱ ቀድመህ ትነሳለህ፣ ከእነሱ በኋላ ትተኛለህ። ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ ታስጠናለህ፣ ማታ ናፍቆት ይዞት የሚያለቅሰውን ታባብላለህ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ዳር ቆመህ መቁጠር ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ጠልቆ የገባ ልጅ አይታይማ! ደመወዝ የለውም፤ ትርፉ የድምፅ መዘጋት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከደረሱኝ ልጆች አንዱ የከሚሴ ልጅ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ዳቦ ሲሰጠው ግማሹን ይበላል፣ ግማሹን ሻንጣው ውስጥ ይከታል። ጓደኞቹ አይተው ሳቁበት። ለብቻው ወስጄ ጠየቅሁት።

«አያቴ ናት ያለችኝ። ካምፕ ውስጥ የተሰጠህን ሁሉ አትጨርስ፣ ለነገ አስቀር ብላኛለች» አለኝ።

ካምፑ ሲያልቅ ልጁን ቤቱ ላድርስ ብዬ ተነሳሁ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በደሴ መንገድ ላይ ነች። ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬት ያስለብሳል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ በጭጋግ አልፎ ቁልቁል ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬቱ ይወልቃል። ቀኑ እሑድ ስለነበር ሰንበቴ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ ይገበያያል። ከዚያ የጨፋ ሜዳ ይመጣል። በበጋ የአፋር አርብቶ አደር ሳይቀር ከብቱን ይዞ የሚመጣበት፣ ቦርከና የሚያጠጣው ለምለም ሜዳ ነው።

ከሚሴ በአማራ ክልል ያለው የኦሮሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ሙስሊም ነው። ልጁ ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ አማርኛውን ትቶ በኦሮምኛ መጯጯህ ጀመረ። እኔን ጨርሶ ረሳኝ!

አያቱ ደጃፍ ላይ ጠበቁን። መጀመሪያ ያዩት ፊቱን አይደለም፤ ክንዱን ነው። ጨበጥ አድርገው ሥጋውን ለኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስንት ልጅ ገባ? ስንቱ ወጣ?»

«ሁሉም ወጥተዋል እማማ» አልኩ።

«ሁሉም?» አሉና ተቀመጡ።

ለካ እሳቸው የሚያውቁት ካምፕ ሌላ ነው። ባቲን እኛ በሰኞ ገበያዋና በቅኝቷ ነው የምናውቃት። በ1977 ዓ.ም. ግን ረሃብ ያፈናቀለው ሕዝብ የተከማቸባት መጠለያ ነበረች። እሳቸው አራት ልጅ ይዘው ገብተው በሁለት ልጅ ወጥተዋል። የልጅ ልጃቸውን «ካምፕ ይሂድ» ሲባሉ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። የላኩት ቤተ ዘመድ ለምኗቸው ነው። ይህን ሲያወሩ አንዲት ሙስሊም ጎረቤታቸው ጀበናውን ይዘው ገቡ። «አብሽሪ፣ ይኸው መጣልሽ አይደል!» አሏቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ… ጨለማ እስኪሆን ተቀመጥን።

ጨዋታው እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። አላለቀም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰ። ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። አንድ ማታ በማላውቀው ቁጥር ስልኬ ጮኸ። ድምፁ ጎርንኗል፤ ግን ለየሁት።

«ጋሼ፣ እኔና አያቴ ደብረ ብርሃን ነን። ካምፕ ገባን።»

ምን ይባላል? እንደምንም «ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ማታ ማታ ሕፃናቱን ሰብስቤ እቆጥራቸዋለሁ። ላንጋኖ እንደምትቆጥረን። ጨዋታም አስተምሬያቸዋለሁ። አያቴ ደግሞ ዳቦ አስቀሩ ትላቸዋለች።»

ከሳምንታት በኋላ ከተማዋ ስትለቀቅ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የቤታቸውን ቁልፍ ይዘው የጠበቁት እኚያው ጀበና ይዘው የገቡት ጎረቤት ናቸው።

እንግዲህ ዘንድሮ ክረምት በየቤተ እምነታችሁ ልጆች ይዛችሁ ካምፕ ለመውጣት ላሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ሁለት ነገር ልበል። ልጁን ከመውሰዳችሁ በፊት አሳዳጊዎቹን አነጋግሩ። ካምፕ የሚለው ቃል በእነሱ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። የልጅ ሻንጣ ሰው ፊት አትፈትሹ፤ ውስጡ ያለው ደረቅ ዳቦ የአያት አደራ ሊሆን ይችላል። ስትቆጥሩ ደግሞ «አንድ፣ ሁለት» እያላችሁ ሳይሆን በየስማቸው እየጠራችሁ ቁጠሩ። ለወላጅ ከዋናውም ከመዝሙሩም የሚበልጠው፣ የገባው ልጅ ሁሉ መውጣቱ ነው።