ፓይተኑ ገብቷል ወይ? ከባሕር ዳር እስከ ቨርጂኒያ

አገር ቤት ኮምፒውተር ቤት ገብተህ «ፎርማት አድርግልኝ» ካልክ ላፕቶፕህ ከነሙሉ ትጥቁ ይመለስልሃል፤ ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱ፣ ቪኤልሲው፣ ፓወር ግዕዙ። ልጁ አንድ በአንድ ከፍቶ ያሳይሃል። ከተከፈተ ገብቷል፤ ሒሳብህን ከፍለህ ትወጣለህ። ለኦፊስ ይህ ፍተሻ ይበቃል። ፓይተንን የመሰለ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ግን ከፍተህ የምታየው ነገር አይደለም፤ ጠይቀህ ነው መልስ የምትቀበለው።

እዚህ ቨርጂኒያም ቢሆን የተሻለ የሚፈትሽ ብዙ ሰው አላየሁም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ እንደልብህ መጫን አይፈቀድልህም። ለአይቲ ክፍል ታመለክታለህ፣ «ተጭኗል» የሚል መልእክት ይመጣል፣ አለቀ። ቤትህ ከሆንክ ደግሞ ፋይሉ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ቡናህ ሳይፈላ ይወርዳል። ቢበላሽ አጥፍቶ ደግሞ ማውረድ ነው። መድገም ርካሽ በሆነበት አገር ማን ይፈትሻል? ፓኬጅ እየተቆጠረ፣ ፋይል በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚሄድበት አገር ግን መፈተሽ ዋጋ ያወጣል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ከሆነ ወዲህ ከዘመድ የሚመጣው ጥያቄ በዝቷል። ባሕር ዳር ያለው የአክስቴ ልጅ ፓይተንን ከዶርም ጓደኛው በፍላሽ ወስዶ ጫነና በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ «ፓይተን» ብሎ ጻፈ። «ጋሼ፣ ሱቅ ከፈተብኝ እኮ!» አለኝ በቴሌግራም። እውነቱን ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዊንዶውስ ፓይተንን ፈልጎ ሲያጣ የማይክሮሶፍትን ሱቅ ይከፍታል። ይህ ማለት ግን አልተጫነም ማለት አይደለም። ኢንስቶለሩ ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ «ወደ ፓዝ ጨምር» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ራስህ ምልክት ካላደረግህባት ባዶ ትቀራለች፤ ያኔ ፓይተን ይገባል፣ ዊንዶውስ ግን የት እንደገባ አያውቅም።

«ፒ እና ዋይን ብቻ ጻፍ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ፣ ቨርዥን» አልኩት። 3.8 ብሎ መለሰ። ገብቷል! ግን ለምን 3.8? የጓደኛው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 ነው፤ በእሱ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን ደግሞ 3.8 ነው። የእኛ ልጅ ግን ዊንዶውስ 10 ይዞ፣ ድጋፉ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የተቋረጠ ፓይተን የሚሸከምበት ምክንያት የለም።

በአሮጌ ፓይተን ጉዳይ የእኛ የዲያስፖራዎቹም እጅ አለበት። ያገለገለ ማክቡክ በሻንጣ እንልካለን። አፕል ፓይተን 2.7ን ከማክ ያወጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በቆየ ማክ ላይ አዲሱን ጭነህም «ፓይተን» ብትል የሚመልስልህ ድጋፉ በ2020 እ.ኤ.አ. መባቻ ያበቃው አሮጌው ነው። አዲሱን ለማግኘት «ፓይተን3» ማለት አለብህ። የትኛው እየመለሰ እንደሆነ ለማወቅ እኔ የምወደው ፍተሻ በፊደላችን የሚሠራው ነው፤ «ሰላም» የሚለውን ቃል በጥቅስ ምልክት ውስጥ ጽፈህ ርዝመቱን ጠይቀው። አዲሱ 3 ይልሃል፣ ፊደሉን ቆጥሮ። የማኩ 2.7 ግን 9 ይላል፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ባይቱን ነው የቆጠረው። በዊንዶውሱ ጥቁር መስኮት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቢታይህ አትደንግጥ፤ የፎንት ጉዳይ ነው፣ ቁጥሩ 3 ከሆነ ፓይተኑ ደኅና ነው።

የፍላሽ ቫይረስ ነገር መቼም የታወቀ ነው፤ ፋይሉ በመንገድ እንዳልተነካ ግን ማረጋገጥ ይቻላል። የፓይተን ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ፋይል ረጅም የፊደልና የቁጥር አሻራ ያወጣል። እኛ ከዚህ ኮፒ አድርገን በቴሌግራም ብንልክ እዚያ ያለው ሰው ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሰርትዩቲል የራሱን ፋይል አሻራ አውጥቶ ያስተያያል። አንዲት ፊደል ከተለየች ያ ፋይል አይጫንም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የአንድ መልእክት ዳታ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሆነን ስንመክር እንሳሳታለን፤ «ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ አውራጁ) አንድ ላይብረሪ ካወረደልህ በትክክል ገብቷል» እንላለን። ኔትወርክ በሌለበት ፒፕ ደጋግሞ ሞክሮ በቀይ ጽሑፍ ያማርራል፣ ልጁም ፓይተኑን ነቅሎ ደግሞ ይጭናል። መጀመሪያ የፒፕን ቨርዥን ይጠይቀው፤ ለእሱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ከመለሰ የቀረው የኔትወርክ ጣጣ ነው።