ሦስት ሴቶችና አንድ ብስክሌት

እኛ ሦስት ነን። ሦስታችንም የኮላ ድባ ልጆች ነን። ኮላ ድባ በደምቢያ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ ለሚወርድ ሰው መንገዱ ላይ ያገኛታል። አገሩ ሜዳ ነው። ጤፉም፣ ሽምብራውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ይበቅልበታል። ለብስክሌትም ከሜዳ የተሻለ የለም።

ብስክሌት እንዴት እንደ ጀመርን እንንገራችሁ። በ2006 ዓ.ም የአንዳችን ወንድም ከባሕር ዳር ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ መጣ። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት ይበዛባታል። እሱ የገዛው ነጭ ሽንኩርት ወደ ገበያ ሊያመላልስበት ነው። ቀን ይሠራበታል። ማታ ግድግዳ አስደግፎ ያቆመዋል። እኛም ሲመሽ፣ ሰው ከኳስ ሜዳው ሲበተን፣ ብስክሌቱን እየወሰድን መማር ጀመርን። አስተማሪ አልነበረንም። አንዳችን ስንወጣ ሁለታችን ግራና ቀኝ እንይዛለን። ታዲያ ስንወድቅ ሦስታችንም አብረን ነው።

በ2008 ዓ.ም የሴቶች የብስክሌት ውድድር አለ ሲባል ሰማን። ሁለት ብስክሌት ተውሰን ሄድን። ውድድሩ በከተማ መንገድ ላይ አሥር ዙር መዞር ነበር። እኛ ጉልበት አልጎደለንም። ውሃ የቀዳ፣ እንጨት የተሸከመ እግር ነው ያለን። ግን ሦስታችንም መጨረሻ ወጣን።

ለምን? ከከተማ የመጡት ልጆች በሰልፍ ይሄዱ ነበር። አንዷ ከፊት ሆና ነፋሱን ትሰብራለች። ሌሎቹ በእሷ ጥላ ሥር ሆነው ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። የፊተኛዋ ሲደክማት ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ትተካለች። እኛ ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን ከነፋስ ጋር ስንታገል ዋልን። ይኸ እኮ ወንፈል ነው! ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ከልጅነታችን የምናውቀውን ነገር ብስክሌት ላይ ስንወጣ ረሳነው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ አገር ይጋልብ ነበር። ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ውድድሩ የሚጋለበው 21 ቀን ነው። መንገዱም ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከእሱ በፊትም እነ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን ኦሎምፒክ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ያ ኦሎምፒክ አገራችን የተካፈለችበት የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ከውድድሩ በኋላ አንድ የስፖርት መምህር የውጭ አገሩን የዙር ውድድር በስልኩ አሳየን። ለብስክሌት ብቻ የተሠራ ሜዳ አላቸው። በኦሎምፒክ አንዱ ዙር 250 ሜትር ነው። መታጠፊያው እንደ ቤት ጣሪያ ያዘነበለ ነው። ቀስ ያለ ይንሸራተታል፤ የፈጠነ ግን ይቆማል። የሚጋልቡበት ብስክሌት ፍሬን የለውም። ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ እግር ማሳረፍ የለም። በዚህ ሜዳ ወንዶች ከመጀመሪያው የአቴንስ ኦሎምፒክ፣ ከ1888 ዓ.ም ጀምሮ ተወዳድረዋል። ሴቶች የተፈቀደላቸው በ1981 ዓ.ም፣ በሴኡል ነው። ከዘጠና ዓመት በላይ በር ላይ ቆሙ ማለት ነው። በመንገድ ውድድርም ቢሆን ሴቶች ወደ ኦሎምፒክ የገቡት በ1976 ዓ.ም ነው።

እኛን የከለከለን ሕግ አልነበረም። የከለከለን ወሬ ነው።

ከውድድሩ ስንመለስ አንዳችን ታጭታ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ለድግሱ ጌሾ ተወቅጦ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች ወሬ ሰሙ። «ብስክሌት የወጣች ልጅ ድንግልናዋን ታጣለች» ተባሉ። ሽማግሌዎቹ መጡና ነገሩ ይቅር አሉ። የተወቀጠው ጌሾ ተቀመጠ። ጓደኛችን ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። አባቷ ብስክሌት የሚባል በደጄ እንዳላይ አሉ። ጎረቤትም እየመጣ፣ የሚያዝን መስሎ፣ ነገር ያባብስ ነበር።

አንድ ቀን እናቷ ቡና አፍልተው ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገሩ። «ልጄ ሃያ ሊትር ውሃ በጀርባዋ ስትሸከም፣ እንጨት ተሸክማ ስትጎብጥ፣ ክብሯ ይጎዳል ብሎ የተጨነቀላት ሰው አላየሁም። ዛሬ ቁጭ ብላ ብትሄድ ነው የተጨነቃችሁላት?» አሉ። ቡናው እስኪያልቅ ማንም መልስ አልሰጠም።

እኛም ነገሩን ከሚያውቅ ሰው ለመስማት አንዲት የጤና ባለሙያ ጠየቅን። እንዲህ አለችን፦ «ድንግል ማለት ወንድ የማታውቅ ማለት ነው። ብስክሌት ደግሞ ወንድ አይደለም። የሴት ልጅ ሰውነት ከሌላዋ ይለያያል። ዓይቶ፣ መርምሮ፣ ይህች ድንግል ናት፣ ይህች አይደለችም የሚል ሐኪም የለም።» የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ፣ እንዲህ ያለው ምርመራ የሳይንስ መሠረት የለውም፣ ይቅር ብሏል።

ያ ጋብቻ ግን አልተመለሰም። ጓደኛችን እስካሁን አላገባችም። ሰው ሲጠይቃት ትስቃለች። አንዳንድ ማታ ግን አትስቅም። እኛ እናውቃለን።

ቢሆንም ብስክሌቱን አልተወችም። ጀማሪ ማስተማር የጀመረችው እሷ ናት። በመጀመሪያ የመጣችው በእግሯ ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ቀጥሎ ተማሪዎች መጡ። ቀጥሎም ነጭ ሽንኩርት የምትነግድ፣ የአራት ልጆች እናት መጣች።

ስናስተምር የተማርነውን እንንገራችሁ። መጀመሪያ ኮርቻውን ዝቅ እናደርጋለን፤ ሁለቱም እግር መሬት እንዲነካ ነው። ከዚያ ፔዳሉን ትተን በእግር መሬቱን እየገፉ መሄድ ነው። ይኸ ሚዛን ያስተምራል። ሁለተኛ፣ ዓይን ጎማውን አያይም። ጎማውን ያየ ይወድቃል። ሩቅ ያለውን ግራር ያየ ወደ ግራሩ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ከመፍጠን በፊት ማቆምን መልመድ ነው። የፊቱን ፍሬን ብቻ በኃይል የያዘ በመሪው ላይ ይገለበጣል። ሁለቱም ፍሬን ቀስ ተብሎ አብሮ ይያዛል።

አራተኛው ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ነው። የጀማሪዋን መሪ መያዝ አይገባም። መሪውን ከያዝንላት ሚዛኑ የእኛ እንጂ የእሷ አይሆንም። መያዝ ያለበት ኮርቻው ነው። እሱም ቢሆን ቀስ እየተባለ ይለቀቃል። እናንተም ፊደል ስትጀምሩ መምህሩ እጃችሁን ይዞ አስጽፏችሁ ይሆናል። በኋላ ለቀቃችሁ። ባይለቅ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ታነቡ ነበር?

የአራት ልጆች እናቷ ብዙ ጊዜ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። ለባሏ ደንቅፎኝ ነው አለችው። በአምስተኛው ሳምንት ግን ባልየው ሜዳው ዳር መጥቶ ቆመ። እኛ ፈራን። እሷ ከብስክሌቱ ወረደች። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ጎማው መንገድ ላይ ቢተነፍስ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት። እሷ መልስ አልነበራትም። እኛም አላስተማርናትም ነበር። አፈርን።

በሚቀጥለው ሳምንት ጎማ መለጠፍ አስተማርን። ካላማዳሪውን ማውጣት፣ መንፋት፣ ውሃ ውስጥ መንከር። አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ማድረቅ፣ በሞረድ መፈግፈግ፣ ማስቲሽ መቀባት፣ ትንሽ ቆይቶ ቁራጭ ጎማ መለጠፍ ነው። እሷ ከሁሉም ቀድማ ቻለች። ዛሬ ገበያ ስትሄድ ማስቲሹ ከሽንኩርቱ ጋር በዘንቢሏ ውስጥ ነው።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክላ በብስክሌት ተወዳደረች። በመስከረም 2018 ዓ.ም ደግሞ የዓለም የብስክሌት የመንገድ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳ ኪጋሊ ተካሄደ። ከእኛ ሜዳ እዚያ የምትደርስ ልጅ ትኖር ይሆናል። ባትኖርም ገበያ ደርሳ የምትመለስ አለች።

ክረምት ላይ ዋልካው ጎማ ይይዛልና ትምህርቱን እናቆማለን። መስከረም ሲጠባ እንቀጥላለን። ሴት ልጅ፣ እህት ወይም ሚስት ያላችሁ ላኩልን። ሽርጥ ወይም ሱሪ ከሥር ትልበስ፤ ነጠላዋን ታስቀምጥ፤ ጎማ ውስጥ ይገባል። ከወደቀችም እቤት ስትገባ ደንቅፎኝ ነው እንዳትል አድርጉ።