የማያውቁት አገር አይናፍቅም

አበው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። እኔ ግን ያላየሁት አገር የሚናፍቀኝ ሰው ነኝ። የሌላው ሰው ጓዳ ምን ምን እንደሚሸት፣ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበል፣ ልጁን በምን እንደሚቆጣ ማየት ደስ ይለኛል። ልጆች ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ተረቱ በሌላ በኩል ገባኝ። ልጆቻችን የዱባይን ፎቅና የአሜሪካን በረዶ በስልክ አይተው ይናፍቃሉ። የገዛ አገራቸውን ሰው ካላዩት ግን የሚቀራቸው ወሬ ብቻ ነው፤ ወሬ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ክፉ ክፉውን ነው የሚያቀብለው። ስለዚህ በትምህርት ቤት እረፍት ወንድ ልጄን፣ ሴት ልጄንና እናቴን ይዤ ወደ ኮንሶ ወረድኩ።

ኮንሶ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሕፃንና ሽማግሌ ለያዘ ሰው አርባ ምንጭ አድሮ በማግሥቱ ጠዋት መቀጠሉ ይሻላል። ዋና ከተማው ካራት ነው።

ገና ሲቃረቡ ዓይን የሚይዘው የተራራው ጎን ነው። ከሥሩ እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ እስከ አናቱ በድንጋይ እርከን ተደርድሯል። ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። አንዳንዱ ግንብ 5 ሜትር ይደርሳል። ዝናብ በሚያጥርበት በዚህ አገር እርከኑ አፈሩን ይይዛል፣ ውኃውን ያቆያል፣ የተረፈውንም ማሳውን ሳይጎዳ ያሳልፋል። ዩኔስኮ የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ያህል የዘለቀ ሕያው ባህል መሆኑን ጠቅሷል።

ወንድ ልጄ «ይህን ሁሉ መንግሥት ነው የሠራው?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኛችን ሳቀና ወደ ማሳው አመለከተው። አንድ አባት ከልጁ ጋር የፈረሰ ግንብ እየጠገኑ ነበር። መልሱ እሱ ነው፤ ሥራው አላለቀም።

መንደሮቹ ከፍታ ላይ ተቀምጠው በድንጋይ ቅጥር የተከበቡ ናቸው። ጋሞሌና መቸቄ በእንግዳ የሚዘወተሩት ናቸው። ቅጥሩ በአንዳንዱ መንደር አንድ ዙር፣ በሌላው እስከ ስድስት ዙር ይሆናል። መተላለፊያው ጠባብ፣ የግቢው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። እናቴ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ስትገባ የቤቱ እመቤት እጇን ይዛ አስገባቻት። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም፤ ስለ ጉልበት ግን በደንብ ተግባቡ።

በየመንደሩ «ሞራ» የሚባል የጋራ ቤት አለ። ጎረምሶች ማታ ማታ የሚያድሩት እዚያ ነው። እሳት ቢነሳ፣ ሰው ቢታመም፣ አደጋ ቢመጣ ፈጥነው ይደርሳሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ «እኛ ልጅ አምሽቶ ሲቀር እንጨነቃለን፤ እነሱ ልጅ ሲያመሽ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው» አለች።

ከአደባባዩ ላይ ረጃጅም ግንዶች ታስረው ቆመዋል። በየ18 ዓመቱ አዲስ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ አንድ ግንድ ይተከላል። ሴት ልጄ አንድ ሁለት እያለች ቆጠረች፤ በ18 አባዛችና «እማማ፣ ይህ መንደር ካንቺም በጣም ይበልጣል» አለቻት። አያትና ልጅ ስለ ዕድሜ ሲጨዋወቱ እንዲህ ያለ የሒሳብ ትምህርት አይቼ አላውቅም።

«ዋካ» የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች ደግሞ የሞቱ ጀግኖችና የተከበሩ ሰዎች መታሰቢያ ናቸው። ብዙዎቹ ተሰርቀው ለገበያ ቀርበዋል። ከሌቦች እጅ የዳኑትን በካራት ሙዚየም ማየት ይቻላል። ለልጅ ቅርስ መስረቅ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም፤ የተወሰደው የአንድ ሰው አያት መታሰቢያ ነውና።

ምሳችን ኩርኩፋ ነበር፤ የእህል ድቡልቡል ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ። ቤት ውስጥ ጎመን ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው ልጄ ደገመ። ለአዋቂዎች ከማሽላ የሚጠመቀው ጨቃ በቅል ቀረበ።

መሄድ ለምታስቡ ወላጆች ጥቂት ነገር ልበል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደህንነት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። ካራት ላይ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፤ የመንደሩንም መግቢያ ክፈሉ። ሰው ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም አትበትኑ። ሰላምታውን ከአስጎብኚው ተማሩና መጀመሪያ ልጆቻችሁ ይበሉት። ለአያቶች ምርኩዝና የማያንሸራትት ጫማ አትርሱ። እነሱን ግን ቤት አትተዉ፤ የልጆቹን ጥያቄ ግማሹን የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

ከተመለስን ከሳምንታት በኋላ በዜና የኮንሶ ስም ተነሳ። ሴት ልጄ የቤት ሥራዋን አቋርጣ ቀና አለችና «ኩርኩፋ የሰጡን ሴትዮ ደህና ይሆኑ?» አለች። ድሮ ቢሆን ጆሮዋን አልፎ የሚሄድ ስም ነበር።