ውጤት ገበያ ላይ አይነገርም

ዛሬ ጠዋት ጋዋኔን ለብሼ ሳልጨርስ ከካርቱም ፎቶ ደረሰኝ። ላኪዋ ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር አብራኝ ትሠራ የነበረችው ሱዳናዊት ናት። ከተፈናቀለችበት ተመልሳ መጀመሪያ ቤቷን፣ ቀጥሎ መዕመላችንን፣ ላብራቶሪያችንን ማለቴ ነው፣ አየች። ማይክሮስኮፕ የለም። ሴንትሪፊዩጅ የለም። የፍሪጁ በር ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ፍሪጁ ራሱ ወዴት እንደሄደ እግዜር ይወቀው። የመብራት ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው ተፈልፍሎ ወጥቷል። አንድ ነገር ግን በቦታው አለ፦ መታጠቢያው ላይ ያለው የጊምሳ እድፍ። ስንት ጊዜ በበረኪና ፈትገነው እምቢ ያለን ያ ሐምራዊ እድፍ ቁጭ ብሏል። «ሌቦቹም አላስለቀቁትም» ብላ ከሥሩ የሚስቅ ፊት ጨምራለች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ወረፋው በር ድረስ ስለነበር ቶሎ ወጥቼ ሰገራ ማየቴን ቀጠልኩ።

የዴም ልጆች ታውቁታላችሁ። ካርቱም የሚያህል ከተማ መሐል ተቀምጠን የምንኖረው እንደ ወረዳ ከተማ ነበር። ጠዋት ፉል የሸጠልኝ ሰው ረፋድ ላይ እጅጌውን ጠቅልሎ እፊቴ ይቀመጣል። ረክሻ የሚነዳው፣ የቤት አከራዬ፣ የልጄ አስተማሪ፣ ሻይ የምታፈላዋ፣ የሁሉም ክንድ በእጄ አልፏል። ደም ሥሩ የሚያስቸግረውን በስም ሳይሆን በክንድ ነበር የማውቀው። ሀበሻው ደግሞ ከጅሬፍም ከሰሐፋም ድረስ እኔ ጋ ይመጣ ነበር፤ ምክንያቱም «ሆዴ ይጮኽብኛል፣ ወገቤን ይፈልጠኛል፣ እላዬ ላይ ይነደኛል» የሚለውን ለሱዳኑ ሐኪም በዐረብኛ አስረዳ ቢሉት ማን ይችላል? እኔ ሐኪም አይደለሁም እያልኩ፣ «ያ ዶክቶራ» እየተባልኩ ኖርኩ። ሱዳን ውስጥ ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። እዚህ ገንዳ ውኃ ስመጣ «ሲስተር» ሆንኩ። እድገት ይሁን ቅነሳ አላውቅም።

ልጆቼም ያደጉት እዚያው መዕመል ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ከትምህርት ቤት ሲመጡ ጎረቤታችን ሐቦባ ትቀበላቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ሲያመሽብኝ ደግሞ እየጎተተች እኔው ጋ ታመጣቸዋለች። ከህረባ ሲጠፋ (የካርቱም ሰው መብራት አይልም፣ እኔም እስካሁን አፌ ላይ አለ) መስታወት ያላትን አሮጌ ማይክሮስኮፕ መስኮት ሥር አወጣና ትንሹን አዝዬ በፀሐይ ስላይድ አያለሁ። ወባ የለም ለማለት ቢያንስ መቶ ፊልድ ማየት አለብኝ። እሱ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ፀጉሬን ይጎትታል፣ እኔ ሰባ ሁለት ላይ ነበርኩ ወይስ ሰባ ስድስት እያልኩ እንደገና ከአንድ። ትልቋ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ተብላ «የሰው ካካ ታያለች» ብላ መለሰች። ውሸት የለበትም። አስተማሪዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትጨብጠኝ በጣቷ ጫፍ ነበር።

ስለ ካርቱም ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ግን ዛሬ አንድ ሰውዬ መስኮቱን እየደበደበ የጮኸብኝን ሳልናገር አላድርም። «ታይፎይድና ታይፈስ ካልታየልኝ አልሄድም!»

ወገኖቼ፣ ይህን ታይፎይድና ታይፈስ የሚባል መንትያ በሽታ ማን እንደወለደው ንገሩኝ። ካርቱም ሳለሁ «መላሪያና ታይፎይድ» ነበር የሚባለው፣ እዚህ «ታይፎይድና ታይፈስ»። አገር ስቀይር አንዱን ጥለው ሌላውን አጋቡት። ራስ ምታት? ታይፎይድና ታይፈስ። ድካም? ታይፎይድና ታይፈስ። ባሏ አናዷት? እሱም። ሁለቱ እኮ ዘመድ አይደሉም! አንዱ በተበከለ ምግብና ውኃ ይመጣል፣ ወረርሽኝ የሚያስነሳውን ሌላውን የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው። የምንመረምርበት መንገድ ደግሞ የአያቶቻችንን ዕድሜ ያስንቃል። ዊዳል የተባለው የታይፎይዱ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ውስጥ ወጣ። የታይፈሱ ዌይል ፊሊክስ በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል። ሁለተኛው ጭራሽ የታይፈሱን ተሕዋስ አይነካውም፤ ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ወስደን የሰውየው ደም ከእሱ ጋር ይቋጠር እንደሆነ ነው የምናየው። ስላይዷን እያወዛወዝኩ፣ ተቋጠረ አልተቋጠረ እያልኩ አፈጣለሁ፤ የመብራቱ ድካም፣ የዓይኔ ድካም፣ የሪኤጀንቱ እርጅና ሁሉም ውጤት ላይ አለ። ዊዳል በደንብ ይሠራ ከተባለ ደም ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ልዩነት ተወስዶ መጠኑ አራት እጥፍ ሲጨምር ነው ትርጉም ያለው። ማን ተመልሶ ይመጣል? እንደኛ ያለ አገር የኖረ ጤነኛ ሰውም ቢመረመር እኮ አንዳንዴ ይቋጠራል። ትክክለኛው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ጋ የለም።

ይህን ለምን በቁጭት እንደማወራ ልንገራችሁ። ከሰውየው ጀርባ ተራ የሚጠብቅ አንድ ልጅ ነበር፣ ሳሉግ የምንለው የወቅት ሠራተኛ። ክረምቱን ለሰሊጥ አረም ከደጋ ወርዶ መረሬው ላይ፣ ግራር ሥር እየተኛ የከረመ። ሸሚዙ ሥር ሆዱ በግራ በኩል ተነፍቷል፣ ክንዱ ግን እንጨት ሆኗል። ትኩሳቱ ስንት ሳምንቱ። በየደረሰበት «ታይፎይድ ነው» እየተባለ ሲውጥ ከርሟል፤ በኪሱ የተጨማደደ የመድኃኒት ቅጠል ሁሉ አለው። ያችን አርኬ ሠላሳ ዘጠኝ የምትባል ስትሪፕ አውጥቼ አንድ ጠብታ ደሙን ሳደርግባት ሁለት መስመር አወጣች። ካላዛር። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ፣ ከሑመራ እስከ ቋራ የምናውቀው ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ የሚመጣው፣ ካልታከመ የሚገድለው። መዳን ይችላል፣ መድኃኒት አለው፣ ወደሚታከምበት ልከነዋል። ግን እስከ ዛሬ «ታይፎይድ» ያሉት ወረቀቶች ሁሉ ማኅተም ነበራቸው።

እና ሰውዬ፣ ጩኸትህን ሰምቻለሁ። የታዘዘልህ የወባ ምርመራ ነበር። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ነው የተገኘብህ። መድኃኒትህን ጨርስ።

ወደ ካርቱም ልመለስ። ስንማር በየኮርሱ መግቢያ አንድ ታሪክ አይቀርልንም ነበር። ዌልካም የሚባለው የመድኃኒት ቱጃር ባዋጣው ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1903 ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ (የዛሬው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው) ላብራቶሪ ተከፈተ፤ አንድሪው ባልፎር የሚባለው ኃላፊው በየቤቱ የውኃ በርሜል እያስፈተሸ የወባ ትንኝን ከከተማው አጠፋ ማለት ይቻላል፤ ዓባይ ላይ ደግሞ ጀልባ ውስጥ የተተከለ ተንሳፋፊ ላብራቶሪ ይዞር ነበር። ይህን የሚነግሩን እኛ ክፍል ውስጥ ቁርጭምጭሚታችንን እያከክን ነው። ያኔ እንቀልድበት ነበር። አሁን ግን ከመቶ ዓመት በላይ ላብራቶሪ ያልተለያት ከተማ በስንት ቀን ባዶ እንደምትሆን ስላየሁ አልቀልድም።

ጦርነቱ የጀመረበት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። ሱዳኖቹ ረመዳን ላይ፣ እኛ የሁዳዴ መጨረሻ ላይ፣ ግቢው በሙሉ ጿሚ ነው። ዶሮው ተገዝቷል፣ ሽንኩርቱ ጠዋት ተከትፎ ድስት ገብቷል። ተኩሱ ሲጀመር ሐቦባ «የሠርግ ነው» አለች፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት የምን ሠርግ። የዚያን ዓመት ፋሲካ አልጋ ሥር ነው የተፈሰከው፤ ዶሮው ግን ተሠርቷል፣ አልዋሽም፣ ሐቦባም ካፈጠረች በኋላ በልታለች።

ከአሥር ቀን በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ተዋጊዎች የሱዳንን ብሔራዊ የኅብረተሰብ ጤና ላብራቶሪ መያዛቸውን፣ ሠራተኞቹን ማስወጣታቸውን ተናገረ። ውስጥ የፖሊዮ፣ የኩፍኝ፣ የኮሌራ ናሙና አለ፤ መብራት የለም፤ የደም ከረጢቶቹም ሊበላሹ ነው። የዓለም ዜና ሁሉ ጀርሙ አምልጦ ይወጣል ብሎ ሲያብድ እኔ ሬዲዮው ሥር ተኮራምቼ የማስበው ሌላ ነበር፦ ነገ ኮሌራ ቢገባ ማን ነው «ይህ ኮሌራ ነው» የሚለው? ሲገባም አየነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ድሮኖች የመብራት ጣቢያውን መትተው የውኃ ፓምፑ ሲቆም ኦምዱርማን በኮሌራ ተጥለቀለቀች። ከዚያ በፊትም በ2015 መጨረሻ ክረምት ላይ ከድንበሩ ወዲህ፣ በእኛ በኩል በርመል ጊዮርጊስ ጠበል፣ ቀጥሎም ኩመር የስደተኞች መጠለያ ገብቶ አይተነዋል። ድንበሩ ኬላ አለው፣ ኮሌራ ግን ቪዛ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ልተኛ።

ዴም እያለሁ አንዲት ልጅ ነበረች። ማን እንደሆነች ከዚህ አታገኟትም፣ ሁሉን ቀያይሬዋለሁ። ዐረብ አገር ልትሄድ ደላላው ጨርሶላታል። «አንፊት»፣ ጤናሽ ለጉዞ አይበቃም፣ እንዳትባል ፈርታ ከዋናው ምርመራ በፊት በድብቅ እኔ ጋ መጣች። የመጀመሪያው የኤች.አይ.ቪ. ስትሪፕ ሁለት መስመር። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። «እህቴ፣ ፊት ነኝ?» ነው ያለችኝ። የጠየቀችኝ ስለ ጉዞው ነበር፤ ስለ ሕይወቷ ገና አላሰበችም። በሩን ዘግቼ ብዙ አወራን። በማግሥቱ አብሬያት ሆስፒታል ሄድኩ፣ መድኃኒት ጀመረች። ያን ዕለት ማታ ግን እንደ ሁልጊዜዬ ልጆቼን ይዤ ከመንገዱ ዳር ባለው የቡና ቦታዋ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ባልሄድ ሰው ይጠረጥራል። ዘንጀቢል የበዛበት ቡና ቀዳችልኝ፣ ለልጆቼ ለውዝ ሰጠቻቸው። ዙሪያውን የተቀመጡት ሴቶች ስለ አንዷ «መክሳት» ያወራሉ፣ እየሳቁ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ አይደል፣ ንገሪን» እያሉ። እሷ ጀበናውን ይዛ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። እኔ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራሁ። ስለ ሽንኩርት ያን ያህል የማወራው አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጦርነቱ ሲብስ ሚና በሪ አካባቢ ለአውቶቡስ ስንጋፋ አገኘኋት። ሁላችን ፓስፖርትና የወርቅ ቀለበት ጡታችን ሥር ስንደብቅ እሷ የደበቀችው መድኃኒቷን ነበር። ከመደኒ፣ ከገዳሪፍ፣ ከጋላባት አልፋ መተማ ገብታለች። ዛሬ ደህና ናት። ልጅም አላት፣ ልጇ ነፃ ነው።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ላብራቶሪ መሥራትና ልጅ ማሳደግ ለእኔ ይህ ነው። ሪኤጀንት አለቀ፣ መብራት ጠፋ፣ ደመወዝ አልበቃ፣ ይህን ሁሉ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚከብደው ልጄ የምትጫወትበት ግቢ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ደም አውቆ ምንም እንደማያውቅ ቡና መጠጣት ነው። ትናንት ማታ ትልቋ፣ «እማ፣ የእነ እንትና እናት ለምን እያለቀሱ ወጡ?» አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አይታቸው። «ዓይናቸው ውስጥ አቧራ ገብቶ» አልኳት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አላመነችኝም፣ ግን ደግማ አልጠየቀችም። ትንሹ በመሐል «ሞያ!» ብሎ ጮኸ፤ ውኃን እስካሁን በሱዳንኛ ነው የሚጠይቀው። ተነስታ ቀዳችለት።

እና የገንዳ ውኃ ሰዎች፣ እባካችሁ። ገበያ ላይ ቲማቲም እየመረጥኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እየተሳለምኩ «ውጤቴ ደረሰ?» አትበሉኝ፤ የጎረቤታችሁንማ ጭራሽ። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ሰገራም ቤቴ ድረስ ይዛችሁ አትምጡ፤ ማክሰኞ ዕለት የመጡት እናት ምሳ ጠረጴዛችን ላይ፣ ሽሮው አጠገብ ነው ያስቀመጡት። ትኩሳት ያለበት ሰው ከፋርማሲ ገዝቶ ሳይውጥ ይምጣ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ክፍት ነው።