ስንት ፓውንድ ትስባለህ?

የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ በሦስተኛው መጽሐፉ የሚተርካት አንዲት ታሪክ አለች። የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ግብፅን ከያዘ በኋላ ስጦታ አስይዞ ወደ ኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሰላዮች ይልካል። (የሄሮዶቱስ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ነው፤ ዛሬ የማን ናት ብዬ ልከራከር አልመጣሁም።) ንጉሡ ነገሩ ገባውና አንድ ትልቅ ቀስት ሰጥቶ መለሳቸው። መልእክቱም ፋርሶች ይህን የሚያህል ቀስት እንደ እኔ በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ይምጡብን የሚል ነበር። ከፋርሶቹ ውስጥ የንጉሡ ወንድም ስሜርዲስ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ሳበው። ካምቢሰስ ቀንቶ ወደ አገሩ ሰደደው፣ ኋላም አስገደለው።

ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ የቀስቱን ትልቅነት ያነሳል። እኔ የምይዘው ግን «በቀላሉ» የምትለዋን ቃል ነው። ንጉሡ የጠየቀው ላብ እያጠመቃችሁ ሳቡት ብሎ አይደለም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። የአክስቴ ልጅ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የሚኖረው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳል። እናቱ ኮምቦልቻ ናት፤ የምትኖረውም እሱ በሚልክላት ነው። ዘንድሮ የሥራ ጓደኞቹ ኤልክ ለሚባለው ግዙፍ አጋዘን አደን አብረን እንውጣ ብለውት 70 ፓውንድ ቀስት ገዛ። ለምን 70? ሁሉም 70 ስለያዙ። እዚያ ወንዶቹ ሲገናኙ «ስንት ፓውንድ ትስባለህ?» ይባባላሉ አለኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ ጎረምሶች ማን ኩንታሉን ብቻውን ያነሳል ብለው እንደሚፎካከሩት ማለት ነው። እኔ ፊዚክስ ስለማስተምር ይመስለኛል፣ ሲስብ የሚያሳይ ቪዲዮ ልኮ «እንዴት ነው?» አለኝ።

ቪዲዮው ራሱ መልሱን ይዟል። ገመዱን ለመሳብ ቀስቱን ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፣ ወገቡን ይለምጣል፣ ከዚያ ወደ ዒላማው ያወርደዋል። ቀስቱ ለሰውየው ከበደው ማለት ይህ ነው። ትክክለኛው ክብደት ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ቀስቱን ዒላማው ላይ እንዳነጣጠርክ፣ ሳትወዛወዝ ወደ ኋላ የምትስበው ነው። አደን ላይ ደግሞ ብርዱ አለ፣ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጡ አለ። ሜዳ ላይ በሙቀት የተሳበ 70 በረዶ ላይ 80 ይሆንብሃል።

70 ፓውንድ ወደ 32 ኪሎ ነው። እርግጥ የዛሬው ዘመናዊ ቀስት ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር አለው፤ ገመዱ መጨረሻ ሲደርስ ክብደቱ እስከ 80 በመቶ ይቀንስልሃል። ያኔ የምትይዘው 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሻጮች ይህችን ያጋንኗታል። ግን 32ቱን ኪሎ ሳያልፉ 6ቱ ጋ መድረስ የለም፤ በአንድ ትከሻ፣ ልምምድ ባለ ቁጥር፣ በቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ።

የትከሻ ነገር ቀልድ አይደለም። በ1545 የሰጠመችው ሜሪ ሮዝ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስትወጣ፣ ከተገኙት አጽሞች ውስጥ በርከት ያሉት የትከሻ አጥንታቸው ጫፍ ሳይገጥም የቀረ ነበር። ተመራማሪዎች ከልጅነት ጀምሮ ከባድ ቀስት ከመሳብ ጋር ያያይዙታል። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ የዋታ አዳኞችም ኬንያ ውስጥ ከ100 ፓውንድ በላይ በሆነ ቀስት ዝሆን ይጥሉ ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ ከልጅነታቸው የለመዱት ነው፣ በዚያ ላይ ፍላጻቸው በመረንዝ ዘመድ መርዝ የተቀባ ነው። የኔ ዘመድ በ34 ዓመቱ ጀምሮ በሦስት ወር እነሱን ሊያክል ነው።

ከባድ ቀስት ጥቅም የለውም አልልም። ፍላጻው ይፈጥናል፣ ጠልቆም ይገባል። ነገር ግን ፍላጻ እንደ ጥይት አጥንት ሰባብሮ አይጥልም፤ በስለቱ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው የሚገድለው። ሳንባውን ካገኘው እንስሳው ብዙ አይርቅም። ሆዱን ካገኘው ጫካ ገብቶ ሲማቅቅ ያድራል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው 70ውን ሆዱ ላይ ነው የሚያሳርፈው። የኮሎራዶ ሕግ ራሱ ለአደን የሚጠይቀው ቢያንስ 35 ፓውንድ ነው። (እኛ ዘንድ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ስለሆነ ይህን አንብባችሁ ወደ ቦረና ሳይንት ፓርክ እንዳትወጡብኝ።)

አክስቴ ጋ ወርጄ ነገሩን አነሳሁባት። እሷ የምታውቀው ደጋን ጥጥ የሚነደፍበትን ነው፤ በመዳመጫ ፍሬውን አውጥታ፣ ነድፋ ባዘቶ ስታደርገው ኖራለች። «እጅ የሚያደክም ደጋን ምን ያደርጋል? ከጥጡ በፊት ሰውየውን ይነድፈዋል» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና «ትከሻውን አመመው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አብሽሪ አልኳት። እንደሚያመው ግን ነግሮኛል።

ብሎኖቹን ሲያላላ ክብደቱ በ10 ፓውንድ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ 60 አድርገው አልኩት። አደረገው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሞክር አሁንም ያንጋጥጣል። እንግዲህ የቀረው ሸጦ ከ50 የሚጀምር መግዛት ነው፤ ይከስራል፣ ጓደኞቹም ይስቁበታል። «እነሱ ምን ይሉኛል?» አለኝ። በወር መጨረሻ ለእናትህ የሚልኩት እነሱ ናቸው ወይ ብዬ ጻፍኩለት። መልእክቱን አይቶታል፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።