ሞቃት መሆን ሌላ፣ መሞቅ ሌላ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። እኔ ግን ለማስተማር ልምምድ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ነገሩን ከሥሩ ሳላጣራ ለአርባ ልጆች አስተማርኩ። ይህን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ነገ ጠመኔ ይዘው የሚቆሙ ጓደኞቼም እንደኔ እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው።

ትምህርቱ ስለ አየር ጠባይ ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ተራራ ሥዬ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልኩ ሳስረዳ፣ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ዓለም እየሞቀች ነው ይባላል። ከእንጅባራና ከዳንግላ ይበልጥ የሞቀችው የትኛዋ ናት?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ከአገሬ በሸሚዝ ተሳፍሬ፣ እንጅባራ ስወርድ ሹራብ የምፈልግ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጥቂት እንኳ ሳላስብ «ዳንግላ ናታ!» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ በየደብተራቸው ጻፉት።

በማግሥቱ ነገሩን ለጂኦግራፊ መምህራችን እንደ ጨዋታ አድርጌ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሁለት ተማሪዎች አሉህ እንበል» አሉኝ። «አንደኛው ባለፈው ሴሚስተር 70 አግኝቶ በዚህኛው 73 አመጣ። ሁለተኛው ከ50 ተነሥቶ 58 ደረሰ። ይበልጥ የተሻሻለው ማነው?»

«ሁለተኛው ነዋ።»

«ታዲያ ሽልማቱን ለምን ለአንደኛው ሰጠኸው?»

መልስ አጣሁ። እውነትም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዳንግላ የምትሞቀው ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ዳንግላ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። በአማካይ 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ የ400 ሜትሩ ልዩነት ብቻ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ ልዩነት በአያቶቻችን ጊዜም ነበር። ስለዚህ የእኔ ሹራብ የሚመሰክረው ስለ ከፍታ እንጂ ስለ ለውጥ አይደለም።

ለውጥን ለማወቅ እያንዳንዷ ከተማ የምትመዘነው ከራሷ የትናንት ሙቀት ጋር ነው። የባለሙያዎቹ ዘዴ ቀላል ነው። የአንዱን ቦታ የ30 ዓመት መዝገብ ወስደው አማካዩን ያወጣሉ፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ዓመት ሙቀት ከዚህ አማካይ ጋር አስተያይተው ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሰላሉ። ሁለት ቦታዎች የሚወዳደሩት በዚህ ልዩነት ነው። 30 ዓመት የሚያስፈልገውም፣ አንድ ደመናማ ክረምት ወይም አንድ ደረቅ በልግ ብቻውን ሰውን ስለሚያታልል ነው።

ጥር 23 ቀን በፈረሰኞች በዓል ላይ ጉግሱን ስናይ፣ አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት «በእኛ ጊዜ በዚህ ወር ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር የሚያነጋ፤ ውርጩ እንዲህ አልነበረም» ሲሉ ሰምቻለሁ። የአባቶች ቃል አይናቅም። የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰነድ፣ የኢትዮጵያ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ማለትም የሌሊትና የንጋቱ፣ በየአሥር ዓመቱ 0.37 ዲግሪ ያህል ሲጨምር እንደቆየ ተገልጿል። አማካዩም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ድረስ 1.3 ዲግሪ ጨምሯል፤ በአሥር ዓመት 0.28 መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የአገር አማካይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ከተማ እኩል ተቆርሶ አይታደልም።

መዝገቡም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ተደርጎ ነው። እስቲ አንድ ሰው ይህን ሣጥን ከነበረበት ጉብታ አንሥቶ 100 ሜትር ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ተከለው እንበል። መዝገቡ ወዲያው 0.65 ዲግሪ ጭማሪ ያሳያል። በአገራችን አማካይ ፍጥነት ይህን ያህል ለመሞቅ ከሃያ ዓመት በላይ ይፈጃል! ሣጥኑ ከቆርቆሮ ቤት ወይም ከአስፋልት አጠገብ ቢቆምም እንዲሁ ያሳስታል። ስለዚህ «የት ሞቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «የት ተለካ? በስንት ሰዓት ተለካ? ቦታው ተለውጧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ባለፈው ስለ ዳንግላ የነገርኳችሁ ስሕተት ነው፤ ሰርዙት» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሁለቱን ተማሪዎች ምሳሌ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፤ ያን ጊዜ ከኔ ቀድመው ገባቸው። ጠያቂው ልጅ እንደገና እጁን አወጣ።

«እሺ ቲቸር፣ እኛ ዛሬ መለካት ብንጀምር መቼ እናውቃለን?»

«ከሠላሳ ዓመት በኋላ።»

«ኧረ! ያኔ እኔ አባወራ ነኝ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ ከመጀመሪያው ሳቅ ይልቅ ደስ አለኝ። ከደወሉ በኋላ ሰሌዳውን ሳጠፋ ግን የልጁ ቃል በጆሮዬ ቀረ። አንዱ ለክቶ ካልጻፈ ሌላው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከምን ጋር ያስተያያል?

ስለዚህ ለባልደረቦቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በግቢያችን አንድ ነጭ ሣጥንና አንድ ቴርሞሜትር እንትከል፤ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት በተራ እያነበብን እንመዝግብ። እኛ ተመርቀን በየገጠሩ እንበተናለን፤ ደብተሩ ግን ለተተኪዎቻችን ይቆያል። የመጀመሪያውን ሳምንት ተራ እኔ እወስዳለሁ።