ስሙኒ የሚያወጣ ቢራቢሮ

ቢራቢሮ ለመያዝ ብሎ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው መኖሩን እኛ ካዛንቺስ ያደግን ልጆች ያወቅነው ገና በጠዋቱ ነው። ሰፈራችን ለውጭ አገር ሰው ባዳ አልነበረም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው ባለ ግቢ ቤቶች ነበሩ፤ አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠራተኞች ይከራዩዋቸው ጀመር። ከእነሱ በአንዱ ቤት በእንግድነት የሚያርፍ ሰው ነበር። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ይመጣል፣ ጥቅምት ሲያልቅ ይሄዳል። በአገሩ የሒሳብ ሠራተኛ ነው ይባላል። እዚህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ነገር አያውቅም። ጋሽ ቢራቢሮ ብለን ስም አወጣንለት።

የአውሮፕላን ትኬቱን ዓመቱን ሙሉ ከደመወዙ እየቆጠበ እንደሚገዛ፣ የመጣበትም ጊዜ የዓመት ፈቃዱ መሆኑን ያወሩልን የቤቱ ዘበኛ ናቸው። ዘበኛው ይህን ሲናገሩ ከንፈራቸውን ይመጥጡለት ነበር፤ ምነው ዘመድ የለው፣ ምነው ትዳር የለው እያሉ። እኔ ያኔም አላዘንኩለትም፣ ዛሬም አላዝንለትም። አንድን ነገር ያን ያህል መውደድ መታደል ነው።

ዋጋው የታወቀ ነበር። ነጩ የጎመን ቢራቢሮ አምስት ሳንቲም፣ የሎሚው ጥቁርና ቢጫ ዐሥር ሳንቲም፣ ሳማ ላይ የሚያድገው ብርቱካናማ መቀነት ያለው ጥቁር ቡናማ ደግሞ ስሙኒ። ክንፉ የተቀደደ ምንም አያወጣም። መረባችንን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦና ከእናቶቻችን ያረጀ ነጠላ ሠራን። ክንፉን በጣት መያዝ ክልክል ነው። ጣታችን ላይ የቀረውን ዱቄት በአጉሊ መነጽር ሲያሳየን፣ ዱቄት ያልነው ነገር እንደ ጣራ ክዳን አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ቅርፊት ሆኖ አገኘነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ልጅ ክንፍ በጣቱ አልነካም።

አያያዙን አሁንም አልረሳሁትም። ቢራቢሮው መረብ ውስጥ ክንፉን ሲገጥም ጠብቆ፣ ደረቱን በሁለት ጣት ለአፍታ ጫን ያደርገዋል፤ ይሞታል። ከዚያ በሦስት ማዕዘን በታጠፈ ጋዜጣ ውስጥ ያስቀምጠውና እርሳሱን በምላሱ አርሶ ይጽፍበታል፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የራሱን ስም። ይህን ጽሑፍ ከቢራቢሮው እኩል ይሳሳለት ነበር። የት እንደተያዘ ያልተጻፈበትን ምንም ያህል ቢያምር ይጥለዋል። ማታ ማታ ደግሞ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥሮ ፓውዛ ያበራበታል። የእሳት እራቱ ከየጨለማው መጥቶ አንሶላው ላይ ይሰፍራል፤ ክንፉ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ ያለበት፣ የልጅ መዳፍ የሚያህልም አለ። እናቶቻችን ሌሊት የሚበር ነገር አትንኩ እያሉ ይጠሩናል፤ እኛ ግን የአጥሩን ቀዳዳ አንለቅም።

ለሎሚው ቢራቢሮ ግን መረብም አያስፈልገንም ነበር። ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ ሴትዮ ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ሎሚ ነበራቸው፤ የሎሚዋ እትዬ ነበር የምንላቸው። እንቁላሉ ቢጫ፣ ከስፒል ራስ የማይበልጥ፣ ለጋው ቅጠል ላይ አንድ በአንድ የተጣለ ነው። የሚፈለፈለው ትል መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍ እንዳይበላው ነው። ሲያድግ ይለውጥና አረንጓዴ ይሆናል። በስንጥር ነካ ሲያደርጉት ከአንገቱ ሥር ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ ያወጣል፣ የሚሰነፍጥ ሽታም ይለቃል። ትሉን ከነቅርንጫፉ በጣሳ አድርገን እናሳድግና ቢራቢሮ ሆኖ ክንፉ ሲደርቅ እንሸጠዋለን። ጋሽ ቢራቢሮ ይህን ሲያይ ከስሙኒ በላይ ሰጠን፤ ያልተበሳ ያልተቀደደ እንዲህ ብቻ ይገኛል ብሎ።

የሎሚዋ እትዬ አይከለክሉንም ነበር። ልጅ ግቢያቸው ሲገባ ደስ ይላቸዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው በደህና ተወልዳ አድጋለች፤ ከእሷ ወዲህ የወለዷቸው ግን ተወልደው ሳምንት ሳይሞላቸው ቢጫ እየሆኑ ሞቱባቸው። ሾተላይ አለባት ይባል ነበር። ጠበል ተጠመቁ፣ ክታብ አሠሩ፣ ስለት ተሳሉ። ለጋሽ ቢራቢሮ ሎሚ ጨምቀው ውኃ ሲሰጡት፣ «አንተ ልጄ፣ ከእናትህ እንዲህ ርቀህ ምን ይሻልሃል?» ሲሉት አስታውሳለሁ። ትርጉሙ ባይገባውም እጅ ነሣቸው።

ካደግሁ በኋላ ነው እሱን መሰሎች ቀድመውት እንደመጡ ያነበብኩት። ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1876 ወደ ሸዋ መጥቶ፣ ንጉሥ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ሰጥተውት፣ ወፉንና ነፍሳቱን እየሰበሰበ ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ይልክ ነበር። በ1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ አረፈ። በማግስቱ ዓመት ፈረንሳዊው ሻርል ኦበርቱር አንዱን የኢትዮጵያ ቢራቢሮ በእሱ ስም አንቲኖሪ ብሎ ጠራው። ኦስካር ኖይማን ከ1900 እስከ 1901 ደቡቡን ዞረ፤ የሰበሰባቸውን ቢራቢሮዎች ባለጸጋው ዋልተር ሮትሺልድና ካርል ዮርዳን በ1903 መዝግበው አሳተሙ። ሂዩ ስኮት በ1926 መጥቶ ዝቋላንና ጭላሎን ወጣ፤ እየተመላለሰም እስከ ስሜን ደረሰ። እኛ ስሙኒ በምንቀበልበት ዘመን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1975፣ ከፓሪስ ሙዚየም ፒየር ክሎድ ሩዦ ይመላለስ ነበር። እሱና ባልደረባው ፕላንትሩ በ1979 ለአንድ የደቡብ ደጋ ቢራቢሮ ገላውዴዎስ የሚል ስም ሰጡት። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አንዱ በእኛ ስም ይጠራል።

ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን የዚያ የአንቲኖሪ ቢራቢሮ ነገር ነው። ክንፉ ክሬም የመሰለ ቢጫ፣ የኋላው ጭራ ያለው፣ ደን የሚወድ ነው። በሌላው አፍሪካ የዚህ ዝርያ ሴቶች በአብዛኛው ጭራ የላቸውም፤ ወፍ የሚጸየፋቸውን መራራ ቢራቢሮዎች መስለው ይኖራሉ። የእኛ አገሮቹ አብዛኞቹ ግን ወንዱን እንደመሰሉ፣ ጭራቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። ሊቨርፑል የሚኖር ሲረል ክላርክ የሚባል ሐኪም ነበር፤ ቢራቢሮ ማርባት የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ነው። ወንዱንና ሴቷን በሁለት እጁ ይዞ እያገናኘ ያዳቅላቸዋል። ከፊሊፕ ሼፐርድ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያውንና የማዳጋስካሩን ዘር አዳቅሎ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመ።

እንዲህ ክንፍ ሲመረምር ነው ዘር የሚተላለፍበትን መንገድ ከሰው ደም ጋር ያመሳሰለው። የክንፉን መልክ የሚወስኑት ጂኖች ተጠጋግተው ተቀምጠው ባንድነት ይወረሳሉ፤ አርኤች የሚባለው የደም ዓይነትም እንዲያው ያለ መሰለው። ከዚያ ክላርክ ከሮናልድ ፊን ጋር ሆኖ ፊቱን ወደ እናቶች አዞረ። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ፣ ሰውነቷ የልጁን ደም እንደ ጠላት ይቆጥርና መከላከያ ያበጃል። የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፤ ቀጣዩን ፅንስ ግን ያ መከላከያ ያጠቃዋል። በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የተባለውን መርፌ ከተወጋች ሰውነቷ መከላከያውን አያበጅም። መርፌው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ገበያ ላይ ዋለ። እኛ ሾተላይ ስንል የኖርነው ብዙው ይህ ነው።

የሎሚዋ እትዬ የመጨረሻ ልጃቸውን የቀበሩት መርፌው ፈረንጅ አገር ከዋለ ዓመታት በኋላ ነው። የቢራቢሮው ዘር ከዚህ ሄዶ እዚያ ለደረሰው ሥራ አገልግሏል፤ ሥራው ግን እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ጋሽ ቢራቢሮ ጥፋት የለበትም፤ እሱ ሐኪም አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ ያ የሚጽፍበት ወረቀት ነው። የሰብሳቢው ስም አለ፣ ቦታው አለ፣ ከፍታው አለ። ሎሚዋን ያጠጡት ሴት፣ ትሉን በጣሳ ያሳደጉት ልጆች የሉም። ሮትሺልድ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሞት ለእንግሊዝ ሙዚየም የተወው ክምችት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቢራቢሮና የእሳት እራት ነበር። እያንዳንዱ ስፒል ሥር ወረቀት አለ፤ ስንቱ ወረቀት ላይ መንገድ መሪ የነበረ እረኛ ስም እንደተዘለለ ሳስብ ያመኛል።

አብዮቱ ሲፈነዳ ጋሽ ቢራቢሮ ቀረ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ግቢ የሦስትና የአራት ሆነ፤ ባዶው ቦታ ማድ ቤት ወጣበት፣ ሰርቪስ ተቀጠለበት። የሎሚው ዛፍም የዚያን ጊዜ ተቆረጠ። ሰው መጠለያ ሲያጣ ዛፍ ቢቆረጥ አልፈርድም። ግን አንድ ነገር ላስረዳ፦ ሰው ቢራቢሮ በመረብ ተይዞ ያልቃል ይላል፤ እኔ የልጅነቴን ካዛንቺስ ስለማውቅ አልስማማም። እኛ ስንት ዓመት ይዘን አልጨረስነውም፤ እናቲቱ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ሎሚው፣ ሳማው፣ የጓሮው ጎመን ሲጠፋ ግን በአንድ ክረምት ያልቃል። ትሉ የሚበላው የለመደውን ቅጠል ብቻ ነው፤ ሌላ ብትሰጠው ተርቦ ይሞታል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀረውም ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ጎረቤቶቻችን ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ሄዱ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ያምራል፣ ዘንባባና ሣር ተተክሏል፣ ማታም መብራቱ እንደ ቀን ነው። ከቂርቆስ እስከ ዑራኤል በእግሬ ስሄድ አበባው ላይ ቢራቢሮ እፈልጋለሁ። አልፎ አልፎ አንድ አያለሁ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ እንጂ እዚህ አልተወለደም። አበባው ለአዋቂው ምግብ ነው፣ ለትሉ የሚሆን ቅጠል ግን አልተተከለም። ከአስፋልቱ ዳር አሥር ሎሚ፣ ወንዙ ዳር ትንሽ ሳማ ቢተው ምን ነበረበት? ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ ብናገር ደስታዬ ነው።

ዛሬ እንደ ጋሽ ቢራቢሮ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ ሰብስቦ መሄድ የለም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን ሕይወታዊ ሀብት ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል፤ የማኅበረሰቡንም ከጥቅሙ የመካፈል መብት ያስከብራል። ይህ ትክክል ነው፣ ዘግይቷል እንጂ። የሚቀረው የራሳችን ሰብሳቢ ነው። ከሰፈራችን ወደ ውጭ የሄደው ሰው ብዛቱ ለመቁጠር ያስቸግራል፤ ቢራቢሮ ፍለጋ የሄደ ግን አንድም አልሰማሁም። አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ የኛ ልጆች እዚያ ገብተው የአገራቸውን ነፍሳት በስፒል ተሰክቶ ቢያዩ፣ ከሥሩም የራሳቸውን ስም የሚጽፉበት ቀን ቢመጣ እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት የሎሚዋ እትዬ የልጅ ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ደሟ ኔጌቲቭ ነው፣ የሕፃኑ ፖዘቲቭ። ባሏ በወረቀት የተጻፈለትን ይዞ ወጣ። የጠየቃቸው ፋርማሲዎች አልቋል አሉት፤ እኔም በስልክ ሳፈላልግለት ዋልሁ። መርፌው የተገኘው በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። ከውጭ የገባ ነው፤ ዋጋው የባሏን የወር ደመወዝ ሊያክል ጥቂት ቀረው። ሰዓቱ ሳያልፍ ተወጋች።